አስታማሚዋ

የትናየት ሐኪም ቤት በምትሄድባቸው ቀኖች፣ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ፣ መስኮቷን ወለል አድርጋ ከፍታ ነበር የምትለብሰው። መስኮቱ የሚያየው ወደ ግቢው የጋራ ቧንቧ ነው፤ እዚያ ልብስ የሚያጥብ ወይም ጀሪካን የሚሞላ ሰው አይጠፋም። ጎረቤቶቿ ይህን ልማዷን መጀመሪያ በእፍረት፣ ኋላ ላይ በቀልድ ተቀብለውት «ቲቸር ዛሬም ሱቋን ከፈተች» ይላሉ። እሷም ፈገግ ትላለች። ቀሚሷን በራሷ ላይ ስታጠልቅ፣ ጨርቁ ፊቷን በሚሸፍንባት በዚያች አፍታ ትንፋሿን ትይዛለች፣ ከንፈሮቿን ትገጥማለች፤ ጭንቅላቷ በአንገትጌው በኩል ብቅ ሲልም መጀመሪያ የምትፈልገው የሰው ዓይን ነው።

ጂኦግራፊ ታስተምራለች። ተማሪዎቿ «ምድር ወገብ» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች፤ እንዲያውም እንደ አስተማሪ ስትመዝነው ስሙ ቦታውን አልሳተም። ከአራት ዓመት በፊት ግን የዚያኑ ትምህርት ቤት ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለለች የምትወጣ ቀጭን ሴት ነበረች። አሁን ርእሰ መምህሩ ክፍሏን ወደ ታች አውርዶላታል። ከሰሌዳው እስከ ወንበሯ ስትሄድ ልጆቹ ትንፋሿን ሰምተው ጸጥ ይላሉ፤ ያ ጸጥታ ከስድቡ ይብስባታል። የልብ ሐኪሙ የልቧን ምስል ወደ መብራቱ አንስቶ ብዙ ካየ በኋላ «ይህ ልብ ይህን ሰውነት ብዙ አይሸከምም» ብሏታል። መፍትሔው ቀዶ ጥገና ነው፤ አብዛኛው ጨጓራዋ ተቆርጦ ይወጣል፣ የቀረው እንደ ጠባብ ከረጢት ይሰፋል። ከዚያ በፊት ግን አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋግሯት፣ አእምሮዋ ጤነኛ ነው፣ የሚመጣውን ትችለዋለች ማለት አለበት።

«አደራ እንዳትቀባጥሪ» አለቻት ባዮሎጂ የምታስተምረው ጓደኛዋ ሐረገወይን፣ በመጀመሪያው ቀን ታክሲ ተራ ድረስ እየሸኘቻት። «የአክስቴን ልጅ እኮ ድምፅ እሰማለሁ ስላለች ነው የመለሷት። ድምፁ ደግሞ የጎረቤት ጄኔሬተር ነበር!» ሐረገወይን በራሷ ወሬ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

የትናየት አልሳቀችም።

የባለሙያው ክፍል በሦስተኛው ፎቅ ከኮሪደሩ መጨረሻ ነበር፤ አዲስ ቀለምና አሮጌ ወረቀት የሚሸት፣ አንዲት ትንሽ መስኮት ያለችው፣ ወንበሩ ግን ለእሷ ዓይነት ሰው ታስቦ ያለ እጀታ የተሠራ። ናሁሠናይ ይባላል። ድምፁ ዝግ ያለ ወጣት ነው፤ ጠይቆ ሲጨርስ ብዕሩን አስቀምጦ ይጠብቃል እንጂ አይቸኩልም፤ ያ ትዕግሥቱ ደግሞ ሰው ያልጠየቁትን ሁሉ እንዲያወራ የሚያደርግ ዓይነት ነበር።

«ክብደት መቀነሱን የፈለጉት እርስዎ ነዎት ወይስ ሌላ ሰው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሲበሉ ምን ይሰማዎታል?»

«ምንም።» እውነቷን ነበር።

«ጠግበው ሳሉ የሚበሉበት ጊዜስ?»

«ሰው ሲያጎርሰኝ» አለችና ደነገጠች። ቃሉ ከአፏ የወጣው ሳታስበው ነበር።

ናሁሠናይ ሳቀ። «እሱማ የሁላችንም በሽታ ነው። ማነው የሚያጎርስዎት?»

«ሰርግ ላይ… እንግድነት ስሄድ።»

«እቤትስ?»

«እቤት ብቻዬን ነኝ።»

ይህን ባለችበት ቅጽበት፣ ከጀርባዋ ካለው ግድግዳ ወዲያ፣ ውሃ ከጆግ ወደ ሳህን ቀስ ብሎ ሲንቆረቆርና የሁለት እጆች መዳፍ እርስ በርስ ሲታሽ ሰማች። ፊቷ እንዳይለወጥ የቀሚሷን ጫፍ ጨበጠች። ናሁሠናይ ምንም የሰማ አይመስልም። እየጻፈ ነበር።

የትናየት በገዛ እጇ ከበላች ረጅም ጊዜ ሆኗታል። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

የጀመረው እናቷ የሞተች ጊዜ ነው። ግቢው ውስጥ በተተከለው ድንኳን፣ ከሴቶቹ መካከል ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን እስከ አገጯ ድረስ ፊቷ ላይ ጥላ ነበር፤ ከቀብሩ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። የእድሩ ሴቶች ተራ በተራ መጥተው ለመኗት፣ ተቆጧት፣ አለቀሱላት፤ እምቢ አለች። በመጨረሻ ሁሉም ትተዋት ወሬ ያዙ። ያኔ ነበር ከጀርባዋ የእጅ ውሃ ሲንቆረቆር የሰማችው። ቀጥሎም ከነጠላው ሥር አንድ እርጥብ ጣት ከንፈሯን ነካ፤ በጆሮዋ ሥርም ድምፅ ሊባል የማይችል፣ ትንፋሽ ብቻ የሆነ ነገር «በሞቴ» አላት። ሰው በሞቴ ተብሎ እንዴት ይዘጋል? አፏን ከፈተች። ትኩስ ነበር፣ ቅቤና ኮረሪማ የሚሸት፤ የእናቷ እጅ ጣዕም ራሱ። ነጠላዋን ገልጣ ማን እንዳጎረሳት አላየችም። ማልቀስ ነበረባትና አለቀሰች።

ማምሻውን ሴቶቹን ስታመሰግን እርስ በርስ ተያዩ። አንዳቸውም አላጎረሷትም።

እናቴ ናት ብላ አመነች። ዓመት ሙሉ አመነች። ብቻዋን ስትሆን ውሃው ይንቆረቆራል፣ እርጥቡ ጣት ይመጣል፣ እሷም ዓይኗን ጨፍና እንደ ሕፃን ትጎርሳለች፤ ቀሚሶቿ ሲጠቧት እንኳ ደስ ይላት ነበር፣ እናቷ ታስባታለችና። አንድ እሑድ ከሰዓት ግን ሶፋው ላይ ተቀምጣ፣ ጉርሻው አፏ ውስጥ ሳለ፣ ዓይኗ ሳታስበው ተከፍቶ ከፊት ለፊቷ ባለው የጠፋ ቴሌቪዥን ጥቁር መስታወት ላይ አረፈ። ከጀርባዋ በትከሻዋ ላይ የተዘረጋ ክንድ አየች። ክርኑ ሊኖር በሚገባው ቦታ ክርን የለም፤ ክንዱ ዝም ብሎ ወደ ኋላ፣ ወደ ጓዳው ጨለማ ይሄዳል። ከዚያ ይልቅ ያስደነገጧት ጣቶቹ ነበሩ። የእናቷን ጠቋሚ ጣት በወጣትነቷ የወፍጮ ቀበቶ እስከ ግማሹ ወስዶባት ነበር። የዚህ እጅ ጣቶች ግን ሙሉ ነበሩ፤ ሁሉም ሙሉ፣ ሁሉም እኩል።

ከዚያ ወዲህ ጥርሷን ገጥማ ታግላዋለች። እጁ አይታገልም። ጉርሻውን ይዞ ከንፈሯ ላይ ይጠብቃል፤ ቀዝቃዛ ጠብታ በአገጯ ላይ ይወርዳል፤ ሲያስላት፣ ሲያስነጥሳት፣ ሲያዛጋት እሱ እዚያው ነው። ሰው እስከ መቼ አፉን ዘግቶ ይኖራል? ብቻ አንድ ነገር አወቀች፦ የሚያያት ሰው ካለ አያጎርሳትም።

በሁለተኛው ቀጠሮ ናሁሠናይ ስለ ልጅነቷ ሲጠይቃት ስልኩ ጮኸ። ማን እንደሆነ አይቶ ፈገግ አለ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይህንን ካላነሳሁ ባለቤቴ አትምረኝም።»

«በሩን ክፍት ይተዉልኝ» አለች የትናየት፤ ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኾ ወጣ።

ክፍት ተወላት። በሩ ግን በስፕሪንግ የሚዘጋ ዓይነት ነበርና፣ የሰውየው ኮቴ በኮሪደሩ እየራቀ ሲሄድ እሱም እያመነታ፣ ሲጥ ሲጥ እያለ መጥቶ በስሱ ቀጭ አለ። ወዲያው ክፍሉ የተለየ ጸጥታ ያዘው። የታች መንገዱ የመኪና ጩኸት፣ የጎረቤት ክፍል ሳል፣ የመብራቱ እዝዝታ ሁሉም አንድ ላይ ተቆረጡ፤ በምትካቸው፣ ቧንቧ በሌለበት በዚያ ክፍል፣ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ኋላ ውሃው መንቆርቆር ጀመረ። ልትነሣ ሞከረች። ጉልበቶቿ ሰውነቷን ለማንሣት ጊዜ ይፈልጋሉ፤ ያ ጊዜ አልነበራትም። የቀለሙ ሽታ ሸሽቶ የቅቤ ሽታ ክፍሉን ሞላው፤ ከቅቤው ሥር ደግሞ ሌላ ሽታ ነበር፣ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ የውሃ ጉድጓድ ክዳኑ ሲነሣ የሚሸተው ዓይነት። ከንፈሯን ገጥማ በሩን አየች። እርጥቡ ጣት የአፏን ጠርዝ ዳሰሰ፣ እንደሚያባብል። «እግዚኦ» ልትል ነበር፤ «እግ» እንዳለች ጉርሻው ገባ።

ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ፣ የመጀመሪያውን ሳትውጥ፣ ሦስተኛው።

ናሁሠናይ በሩን ሲከፍት ክፍሉ ውስጥ ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም። ጉንጮቿ ሞልተው፣ ዓይኖቿ እንባ አቅርረው፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች።

«ደህና ነዎት?»

ራሷን ነቀነቀች።

ተቀምጦ ብዕሩን አነሣ፣ ጠበቃት። እሷም ጉርሻውን ሳታላምጥ፣ ጉሮሮዋ የሚቀደድ እየመሰላት፣ ቁልቁል ሰደደችው። አየር ሲያጥራት ግንባሯ ላይ ላብ ቸፈፈ።

«እናቴን አስታውሼ ነው» አለች በመጨረሻ።

ሶፍት አቀበላት። ከዚያ አፍንጫውን ወደ ላይ አነሣ። «ቅቤ ቅቤ አይሸትዎትም? ዛሬ ረቡዕ አይደል እንዴ… ካንቲኑ ጾሙን ረሳው መሰል።» ፈገግ እንዳለ ዓይኑ ከወንበሯ ኋላ ወለሉ ላይ ወረደ፤ ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ። «ውሃ ፈሶብዎት ነው?»

ጠብታዎቹ ከመጽሐፍ መደርደሪያው ተነሥተው በቀጭን መስመር እስከ ወንበሯ እግር መጥተው ነበር።

«ላብ ነው» አለች። «እኔ እንዲህ ነው የሚያልበኝ።»

በሦስተኛው ቀጠሮ የሚያስታምማትን ሰው ይዛ እንድትመጣ ታዘዘች። ሐረገወይን ከክፍለ ጊዜዋ አስፈቅዳ፣ ዝናብ የመታውን ጃንጥላዋን እያራገፈች ገባች፤ ናሁሠናይ ገና ሰላም ሳይላት «ዶክተር፣ ይቺን ሴት ቶሎ አቅጥኑልኝ፣ በእሷ ምክንያት እኔ ሰው ፊት ቀጭን ነኝ እያልሁ ስዋሽ ከረምሁ» አለችው። ሦስቱም ሳቁ። የትናየት ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ክፍል ትከሻዋ ሲላላ ተሰማት።

ናሁሠናይ ግን ቶሎ ወደ ቁም ነገሩ ተመለሰ። «የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከንፈሯን በእርጥብ ጥጥ ከማራስ በቀር ውሃም የለም። ከዚያ ለሳምንታት ፈሳሽ ብቻ፣ እሱም በማንኪያ። ሌላ ቦታ ስሠራ አንዲት ሴት ነበረች፤ ሊጠይቋት የመጡ ዘመዶቿ አዘኑላትና አንድ ጉርሻ አጎረሷት። በፍቅር ነው። ስፌቱ ከውስጥ ተፈታ።»

«ከዚያስ?» አለች ሐረገወይን።

ናሁሠናይ የብዕሩን ክዳን ገጠመ።

«እኔ እያለሁ ዝንብ አፏ ውስጥ አትገባም!» አለች ሐረገወይን፣ ቀልዷ ሁሉ ጠፍቶ። «ከአጠገቧ አልነቃነቅም።»

እሷ ወደ ኮሪደሩ ከወጣች በኋላ ናሁሠናይ ወንበሩን ወደ የትናየት አስጠጋ።

«እኔን ማታለል ይቻላል፤ ብዙ ሰው አታልሎኝ ያውቃል። ስፌቱን ግን ማታለል አይቻልም። አንድ ነገር ደብቀውኛል፤ ምን እንደሆነ አላውቅም። እቤትዎ በግድ የሚመግብዎት ሰው አለ?»

ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። የትናየት ምላሷ ላይ ሁሉም ነገር ተሰልፎ ነበር፤ ድንኳኑ፣ ነጠላው፣ የቴሌቪዥኑ መስታወት፣ ያ ማለቂያ የሌለው ክንድ። ብትነግረውስ? ያዝንላታል። በለሰለሰ ድምፁ ስለ ሐዘን ያወራላታል፤ የሚያስተኛ ኪኒን ያዝላታል፣ ቀዶ ጥገናውን ያስቀርባታል፤ እሷም ከዚያ ኪኒን ጋር ወደዚያ ቤት፣ ወደዚያ ሶፋ ትመለሳለች፤ እንቅልፍ የጣለው አፍ ደግሞ ክፍት አፍ ነው። ልቧ እስኪቆም እጁ ይመግባታል። ዝም ብትል ግን ሐረገወይን አለች፣ የሐረገወይን ዓይን አለ። ስፌቱ እስኪድን ድረስ ሰው ከአጠገቧ አይጠፋም። ከዳነም በኋላ፣ እጁ መግቢያ ሲያጣ፣ ቤት ዘግተው እንደሄዱበት እንግዳ ቆሞ ቆሞ ይመለስ ይሆናል። ይሆናል። ከዚህች ቃል ሌላ የቀራት ነገር አልነበረም።

«የለም» አለች።

ናሁሠናይ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበ። ተነፈሰና ለቀዶ ጥገናው ፈቀደላት። ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው እጁን ታጥቦ እንደጨረሰ ጣቶቹን አራገፈ።

የቀዶ ጥገናው ዕለት ሐረገወይን ቃሏን ጠብቃ ገና ጎህ ሳይቀድ መጣች። እስከ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ድረስ አልጋውን ይዛ ተከተለች፤ ጉንጯን ሳመቻት። «ስትነቂ የመጀመሪያው የምታዪው ይህን አስቀያሚ ፊት ነው» አለቻት። የትናየት የመጨረሻ ትዝታዋ አፏ ላይ የተደፋው የጎማ ጭምብል ነው። ጭምብሉን ወደደችው። በዚያ በኩል ማንም አይገባም።

ስትነቃ ዐይኖቿ አልገለጥ አሏት። የቀን ብርሃን በሽፋሽፍቶቿ ውስጥ ቀይ ሆኖ ይታያታል። የበረኪና ሽታ፣ ከሩቅ የሚገፋ የጋሪ ጎማ፣ የአንድ መሣሪያ የተስተካከለ ቲክ ቲክታ ነበር። ጉሮሮዋ ደርቋል፤ ሆዷ ውስጥ፣ ከሥር፣ ጠባብና የተወጠረ አዲስ ሕመም አለ። ልትፈራ ስትጀምር ግን ቀኝ እጇ በሌላ እጅ ውስጥ መሆኑን አወቀች። መዳፉ መዳፏን እቅፍ አድርጎ ይዟል፤ አውራ ጣቱ የእጇን ጀርባ በቀስታ ይዳብሳል። ሐረገወይን። እዚህ አለች፤ አልተነቃነቀችም። የትናየት በአራት ዓመት ውስጥ ያላገኘችው ዕረፍት ከእጇ ተነሥቶ መላ ሰውነቷን ሲያዳርሰው ተሰማት፤ ከተዘጉት ዓይኖቿም ጠርዝ እንባ ወረደ።

«ነቃሽ እናቴ?» የነርሷ ድምፅ ነው፤ ወጣትና ደስተኛ። «በደንብ ተሳክቷል። እንዴት ያሉ አስታማሚ ናቸው ያሉሽ! ከወጣሽ ጀምሮ እጅሽን አልለቀቁም።» ከዚያ ወደ አልጋው ማዶ ዞር ብላ ተናገረች። «ማዘር፣ እንደነገርኩዎት ነው፤ ምንም እንዳይሰጧት። ውሃም ቢሆን።»

ማዘር።

የትናየት ስለ ቃሉ ልታስብ ጀምራ ሳለ ከትራሷ ሥር ስልኳ ጮኸ። ነርሷ አንሥታ «በይ፣ ሰው ተጨንቆልሻል፣ ስሚ ብቻ፣ እንዳትናገሪ» ብላ ጆሮዋ ላይ አደረገችላት።

«የትናዬ! ወጣሽ? ተመስገን!» የሐረገወይን ድምፅ ነበር፤ ከኋላው የመኪና ጥሩንባና የሰው ጭቅጭቅ ይሰማል። «መድኃኒት ከውጭ ግዢ ብለውኝ ከተማውን ስዞር ዋልሁ። አሁን ታች በሩ ላይ ነኝ፣ ይሄ ጥበቃ ገትሮኝ! አንድ አስታማሚ ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ እሷም ቀድማ ገብታለች ይለኛል። ማን መጣልሽ እንዴ?»

የትናየት አፏን ከፈተች። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«ኧረ አትናገሪ አልኩሽ!» ነርሷ ስልኩን ወሰደችባት።

በእጇ ላይ ያሉት ጣቶች ያኔ ተላቀቁ። ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ፣ በአክብሮት፤ ሁሉም ሙሉ፣ ሁሉም እኩል። የነበሩበት ቦታ መዳፏ ላይ ቀዝቃዛና እርጥብ ሆኖ ቀረ። የትናየት ጣቶቿን አንቀሳቅሳ የነርሷን ጋውን ፈለገች፤ አንዴ ጫፉን አገኘችው፣ ጨርቁ ግን ከጣቶቿ መሐል ሾልኮ ሄደ።

«አይዞሽ፣ እጃቸውን ሊታጠቡ ነው የተነሡት» አለች ነርሷ እየሣቀች፤ ኮቴዋ ወደ በሩ ይሄዳል። «ተኚ በቃ፤ ደግሞ ብቻሽን አይደለሽም።»

በሩ በስፕሪንጉ እያመነታ መጥቶ ቀጭ አለ። የመሣሪያው ቲክ ቲክታ ራቀ፣ በረኪናው ሸሸ፤ ከክፍሉ ጥግ ውሃው ጥቂት ተንቆርቁሮ ቆመ። የትናየት ባላት ኃይል ሁሉ ከንፈሮቿን ገጠመች፤ ማደንዘዣው ያመጣባት ማዛጋትም ከጉሮሮዋ ሥር ቀስ ብሎ መነሣት ጀመረ።